ማኅተም የሚመታው የፖስታ ሣጥን

ሀ. ቅድመ ንባብ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በደብዳቤ ላይ የተለጠፈ ቴምብር በፖስታ ቤት ማኅተም የሚመታበት ለምንድን ነው?
2. በፖስታ ቤት ማኅተም ላይ ምን ምን ተጽፎ ይገኛል?
3. ደብዳቤ የተላከበትን ቀን ማወቅ መቼ ሊጠቅም ይችላል?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፥ በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴምብር ሲያዩት ትንሽ ወረቀት ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ የተከፈለበት ወረቀት ስለ ሆነ፥ ከደብዳቤው ጋር ተጉዞ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ እንደገና እንዳያገለግል ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ሰው በደረሰው ደብዳቤ ላይ ያለውን ቴምብር አላቆ በሌላ ደብዳቤ ላይ ቢለጥፈው፥ ፖስታ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሠርቶ አንድ ጊዜ ብቻ የተከፈለው ይሆናል። ይህን ለመከላከል የተገኘው ዘዴ በቴምብሩ ላይ ማኅተም መምታት ነው። ማኅተም ያረፈበት ቴምብር ዋጋው ይሻራል።

ማኅተሙ ግን ሌላም ሥራ አለው። ደብዳቤው ከየትኛው ከተማና በየትኛው ቀን እንደ ተላከ ይናገራል። ስለዚህ የፖስታ ቤት ማኅተም በአንድ በኩል ሻሪ፥ በሌላ በኩል ምስክር ነው ለማለት ይቻላል። የሰው እጅ ሳይነካው ማኅተም የሚመታ የፖስታ ሣጥን ለመሥራት ለምን ብዙ እንደ ተደከመ የሚታወቀው፥ እነዚህ ሁለት ተግባራት በየተራ ሲታዩ ነው።

ቀኑን የሚመሰክር ማኅተም

ከሁለቱ ተግባራት በዕድሜ የሚቀድመው ምስክርነቱ ነው። ሄንሪ ቢሾፕ የተባለው እንግሊዛዊ የአገሩን ፖስታ ቤት ይመራ በነበረበት ጊዜ፥ ደብዳቤ በመንገድ ይዘገያል የሚል አቤቱታ ይቀርብ ነበር። እርሱም በ1661 ዓ.ም. በትንሽ ክብ ውስጥ ወሩንና ቀኑን የሚያሳይ ማኅተም በሥራ ላይ እንዲውል አደረገ። ደብዳቤው ፖስታ ቤት የገባበት ቀን በላዩ ላይ ታትሞ ስለሚታይ፥ ደብዳቤ አመላላሹ በቸልተኝነት ቢያሳድረው ቀኑ ያጋልጠው ጀመር። በዚያን ጊዜ ቴምብር የሚባለው ነገር ሊታወቅ ገና 179 ዓመት ይቀረው ነበር።

ደብዳቤ የተላከበት ቀን ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ በ1817 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተነሣ አንድ የንግድ ክርክር ያስረዳል። ሱፍ ሻጮች ሴፕቴምበር 2 ቀን ለጨርቅ ሠሪዎች ደብዳቤ ጽፈው ዋጋቸውን ከገለጹ በኋላ መልሱ በፖስታ እንዲላክላቸው ጠየቁ። ነገር ግን አድራሻውን አሳስተው ስለ ጻፉት ደብዳቤው ሌላ ቦታ ዞሮ ሴፕቴምበር 5 ቀን ማታ ደረሰ። ገዢዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ በዚያው ምሽት «ተስማምተናል» የሚል መልስ ላኩ። ሻጮቹ ግን መልሱን በ7ኛው ቀን ይጠባበቁ ስለ ነበር፥ ሲቀርባቸው ጊዜ በ8ኛው ቀን ሱፉን ለሌላ ሰው ሸጡት። መልሱ የደረሳቸው በማግስቱ ነው።

ነገሩ ከዳኞች ፊት ቀረበ። ሻጮቹ «መልሱ ሳይደርሰን ስለ ሸጥን ውል አላፈረስንም» ሲሉ ተከራከሩ። በ1818 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ ግን ውሉ የጸናው መልሱ ለፖስታ በተሰጠበት ጊዜ ነው የሚል ስለ ነበር፥ ገዢዎቹ ረቱ። ከዚያ ወዲህ ይህ ፍርድ በእንግሊዝ ሕግና የእርሱን ፈለግ በተከተሉ አገሮች የሚጠቀስ መሠረታዊ ደንብ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ክርክር በሚነሣበት ጊዜ በደብዳቤው ሽፋን ላይ ያለው ቀን ንብረት ሊያስገኝ ወይም ሊያሳጣ ይችላል።

ዋጋውን የሚሽር ማኅተም

ሁለተኛው ተግባር የመጣው ከቴምብር ጋር ነው። ከ1840 ዓ.ም. በፊት በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚተመነው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነበር። ከፋዩም ብዙውን ጊዜ ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነበር። ስለዚህ ድሀ ቤተሰብ የልጁ ደብዳቤ ከደጁ ደርሶ ሳለ ገንዘብ በማጣት ሳይቀበለው የሚቀርበት ጊዜ ነበር። አንዳንዶችም በሽፋኑ ላይ በስውር ምልክት ማድረግ ለመዱ። ተቀባዩ ምልክቱን ተመልክቶ «ደኅና ነው» ማለት መሆኑን ከተረዳ በኋላ፥ ደብዳቤውን «አልወስድም» ብሎ ይመልሰዋል። ፖስታ ቤቱም ያን ሁሉ መንገድ በነጻ ደክሞ ይቀራል።

ሮውላንድ ሂል የተባለው እንግሊዛዊ ይህን አሠራር መርምሮ በ1837 ዓ.ም. አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡም ዋጋው ርካሽና በአገሩ ውስጥ ለሁሉም ርቀት እኩል ይሁን፤ አስቀድሞም ይከፈል የሚል ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት አግኝቶ ከጃንዋሪ 10 ቀን 1840 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ግማሽ አውንስ የሚመዝን ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መሄድ ጀመረ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር «ጥቁር ፔኒ» የተባለው የመጀመሪያው የሚለጠፍ ቴምብር ሥራ ላይ ዋለ። ውጤቱም ወዲያው ታየ። በ1839 ዓ.ም. 76 ሚሊዮን ያህል የነበረው የደብዳቤ ቁጥር በ1840 ዓ.ም. ወደ 169 ሚሊዮን ያህል ከፍ አለ።

ይሁን እንጂ ይህ ርካሽ አገልግሎት የቆመው በአንዲት ትንሽ ምልክት ላይ ነበር። ጥቁሩን ቴምብር ለመሻር የተመረጠው የመስቀል ቅርጽ ያለው ማኅተም ሲሆን ቀለሙ ቀይ ነበር። ቀዩ ቀለም ግን በጥቁሩ ቴምብር ላይ በሚገባ አይታይም፤ በዚያም ላይ ታጥቦ ሊለቅ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ቴምብሩን አጥቦ እንደገና መጠቀም ከተቻለ አዲሱ ሥርዓት ሊፈርስ ነው። ስለዚህ በ1841 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ፤ ቴምብሩ ቀይ፥ የማኅተሙ ቀለም ጥቁር ሆነ። በ1844 ዓ.ም. ደግሞ በመስቀሉ ፈንታ የየፖስታ ቤቱን ቁጥር የያዘ ማኅተም መጣ። በዚህም ምክንያት ቴምብሩን የሻረው የትኛው ፖስታ ቤት እንደ ሆነ ለማወቅ ተቻለ።

ከእጅ ወደ መኪና

ደብዳቤ በበዛ ቁጥር ማኅተም መቺው ሠራተኛ ሥራው እየከበደው ሄደ። ማኅተሙን ከቀለም፥ ከዚያም ከቴምብር ላይ፥ እንደገና ከቀለም እያመላለሰ ቀኑን ሙሉ ሲመታ ይውላል። እጁ ሲዝል ማኅተሙ ይደበዝዛል፤ ሲቸኩል ደግሞ ከቴምብሩ ውጭ ያርፋል። ደብዛዛ ማኅተም ደግሞ አይሽርም፤ አይመሰክርምም።

የሮውላንድ ሂል ልጅ ፒርሰን ሂል የፈለሰፈው ማኅተም መቺ መኪና በ1857 ዓ.ም. በለንደን ዋና ፖስታ ቤት ተሞከረ። በአሜሪካም ቶማስ ሌቪት የተባለ ሰው በ1870ዎቹ ዓመታት በቦስተን ከተማ ሌላ ዓይነት መኪና ሠራ። ከጊዜ በኋላ የተስፋፉት መኪናዎች አሠራራቸው በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ደብዳቤዎቹ በጠርዛቸው ቆመው ይደረደራሉ። መኪናው አንድ በአንድ ይለያቸውና በሁለት ተሽከርካሪ ጎማዎች መካከል ያሳልፋቸዋል። አንደኛው ጎማ ፊደልና መሥመር የተቀረጸበት ማኅተም ሲሆን፥ በስተኋላው ያለ ሌላ ጎማ ሳያቋርጥ ቀለም ይቀባዋል። ክቡ ምልክት ከተማውንና ቀኑን ይናገራል፤ ከጎኑ ያሉት ቀጥ ያሉ ወይም ሞገድ የሚመስሉ መሥመሮች በቴምብሩ ላይ አርፈው ይሽሩታል። ሻሪውና ምስክሩ ጎን ለጎን ታተሙ ማለት ነው።

አንድ ችግር ግን ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ ቆየ። መኪናው ማኅተሙን የሚመታው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ስለ ሆነ፥ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ቴምብራቸው በአንድ ማዕዘን እንዲውል አስቀድሞ በሰው እጅ መስተካከል ነበረባቸው። መኪናው እጅ እንጂ ዓይን አልነበረውም። በ1957 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ከተማ በጀርባቸው የግራፋይት መሥመር ያለባቸው ቴምብሮች ተሞከሩ። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መኪናው ቴምብሩ ያለበትን ቦታ ለይቶ ደብዳቤውን በራሱ ያዞረው ጀመር። ከ1963 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ በአሜሪካ በልዩ ብርሃን ሲታዩ የሚያበሩ ቴምብሮች ለዚሁ ተግባር ዋሉ።

ሣጥኑ ራሱ ሲያትም

ሌሎች ፈልሳፊዎች የተከተሉት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። «ቴምብር ከተሸጠ በኋላ እንደገና መሻር ለምን ያስፈልጋል? ክፍያውና ማኅተሙ በአንድ ጊዜ ለምን አይታተሙም?» ሲሉ አሰቡ። በ1897 ዓ.ም. ዲ ብራዛ የተባለ ኢጣሊያዊ የፈለሰፈው፥ ሳንቲም ሲገባበት በደብዳቤ ላይ የክፍያ ምልክት የሚያትም ሣጥን በኒው ዮርክ ከተማ ለጥቂት ጊዜ ተሞከረ። ኧርነስት ሞስ የተባለውም ሰው በ1904 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ የራሱን መኪና ለሙከራ አቀረበ።

አሜሪካዊው አርተር ፒትኒ ለመኪናው የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1902 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ የፖስታ ቤትን ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ዓመት ደከመ። በመጨረሻም ከዋልተር ቦውዝ ጋር ተባብሮ በ1920 ዓ.ም. መኪናው ተፈቀደ። ፖስታ ቤቱ ይህን ያህል ዘመን ማመንታቱ አያስደንቅም። መኪናውን የገዛ ሰው በገዛ ቤቱ የፖስታ ክፍያ ያትማል ማለት ገንዘብ ያትማል እንደ ማለት ነበርና። ችግሩ የተፈታው በቆጣሪ ነው። ባለ መኪናው ገንዘቡን አስቀድሞ ለፖስታ ቤት ይከፍላል፤ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛም ቆጣሪውን በተከፈለው መጠን ሞልቶ ያሽገዋል። መኪናው ባተመ ቁጥር ከቆጣሪው ላይ ይቀነሳል፤ ሒሳቡ ሲያልቅ ተቆልፎ አልሠራም ይላል።

የፒትኒና የቦውዝ ኩባንያ በ1939 ዓ.ም. «ሜይሎማት» የተባለውን የፖስታ ሣጥን በኒው ዮርክ ለሕዝብ አገልግሎት አቀረበ። ሣጥኑ የቴምብር መሸጫ፥ የማኅተም መምቻና የደብዳቤ መቀበያ በአንድነት ነበር። ባለጉዳዩ የሚፈልገውን ዋጋ በመዘውር ይመርጣል፤ ሳንቲሙን ይጨምራል፤ ደብዳቤውን በቀዳዳው ያስገባል። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ የሚላክ ተራ ደብዳቤ ዋጋው 3 ሳንቲም ነበር። መኪናው ዋጋውን፥ ከተማውንና ቀኑን በሽፋኑ ላይ አትሞ ደብዳቤውን ወደ ውስጥ ይጥለዋል። የፖስታ ቤት መስኮት ከተዘጋ በኋላ የመጣ ሰው እንኳ ቴምብር ፍለጋ ሳይንከራተት ደብዳቤውን ሊልክ ቻለ። ለፖስታ ቤቱም ጥቅሙ ድርብ ነው። ደብዳቤው ታትሞ ስለሚመጣ ማኅተም መምታት አያስፈልገውም፤ የሚላቀቅና የሚታጠብ ቴምብርም የለም። መቶ ዓመት ያህል ያከራከረው የሻሪው ጉዳይ በዚህ ዘዴ ከሥሩ ተነቀለ።

የምስክርነቱ ጉዳይ ግን አልተነቀለም። መኪና ቀን አያውቅም። የቀኑን ቁጥር የያዘውን ጎማ የሰው እጅ ካላዞረው፥ የትናንቱን ቀን በዛሬ ደብዳቤዎች ሁሉ ላይ ያለ ማመንታት ያትማል። በእጅ የሚመታ ሠራተኛ ቢሳሳት ስሕተቱን ፈጥኖ ሊያስተውል ይችላል፤ መኪና ቢሳሳት ግን በሺህ የሚቆጠር ሐሰተኛ ምስክር ይፈለፍላል። የሱፍ ነጋዴዎቹን ክርክር ላስታወሰ ሰው፥ የአንድ ቀን ስሕተት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ መኪናው በተሻሻለ መጠን ቀኑን የሚያስተካክለው ሠራተኛ ኃላፊነት እየቀለለ ሳይሆን እየከበደ ሄደ።

ማኅተምና መታመን

ማኅተም ግልጽ ሆኖ ስለ ታተመ ብቻ አይሠራም፤ ተቀባዩም ሊያምነው ይገባል። ለዚህ የኢትዮጵያ የፖስታ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ዐወጁ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም ፓሪስ ታትመው መጡ። ነገር ግን አገሪቱ በ1874 ዓ.ም. የተመሠረተው የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል ስላልነበረች፥ ቴምብሮቿ ከወሰኗ ውጭ አይታወቁም ነበር። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ከኢትዮጵያ ቴምብር በተጨማሪ በጂቡቲ የሚታወቅ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ላኪው ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ኢትዮጵያ በኖቬምበር 1908 ዓ.ም. አባል ከሆነች በኋላ ግን የራሷ ቴምብርና ማኅተም ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ለማድረስ በቁ። ወረቀቱ ያው ወረቀት፥ ቀለሙም ያው ቀለም ነው፤ የተለወጠው መታመኑ ነው።

ሜይሎማትም በጊዜ ብዛት ከአገልግሎት ወጥቷል። ይሁን እንጂ እርሱ ያጣመራቸው ሦስት ሥራዎች፥ ማለትም ዋጋ መቀበል፥ ዳግመኛ እንዳያገለግል ማድረግና ቀን መመስከር፥ አሁንም በፖስታ አገልግሎት ውስጥ አሉ። ድሀው ሰው በአንድ ፔኒ ለዘመዱ ለመጻፍ የቻለው ቴምብሩ ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ቴምብሩን የሚሽረውና ቀኑን የሚመሰክረው ማኅተም ሳይታበል ሥራውን ስለ ሠራም ነው።

ሐ. የቃላት ፍቺ

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ አጥኑ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሻረ፦ ዋጋ አሳጣ፤ እንዳይሠራ አደረገ
አቤቱታ፦ ለባለሥልጣን የሚቀርብ የበደል ቃል
ተመነ፦ ዋጋ ወሰነ
ረታ፦ በክርክር አሸነፈ
አሸገ፦ እንዳይከፈት አድርጎ ዘጋ
ታበለ፦ ዋሸ፤ ሐሰተኛ ሆነ

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. ማኅተም «ሻሪ» እና «ምስክር» የተባለው ስለ ምን ነው? ለእያንዳንዱ ከምንባቡ አንድ ማስረጃ ስጡ።
2. በሱፍ ንግድ ክርክር ሻጮቹ የተረቱት ለምንድን ነው? አድራሻው በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት ሊሆን ይችል ነበር?
3. በ1841 ዓ.ም. የቴምብሩና የማኅተሙ ቀለም የተለዋወጡበትን ምክንያት አስረዱ።
4. «መኪናው እጅ እንጂ ዓይን አልነበረውም» ሲል ምን ማለት ነው?
5. ቆጣሪው ባይኖር ኖሮ ፖስታ ቤቱ የፒትኒን መኪና መፍቀድ የሚያስፈራው ለምን ነበር?
6. «የሠራተኛው ኃላፊነት እየቀለለ ሳይሆን እየከበደ ሄደ» በሚለው አሳብ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ሠ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

«ሠራተኛው ማኅተሙን መታ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ሠራተኛው አድራጊ ነው። «ማኅተሙ ተመታ» በሚለው ግን ማኅተሙ ድርጊቱን የተቀበለ ሲሆን፥ አድራጊው አልተጠቀሰም። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በተደራጊ ግሥ ለውጣችሁ ጻፉ።

1. ፖስታ ቤቱ ቆጣሪውን አሸገ።
2. ዳኞቹ ክርክሩን ሰሙ።
3. መኪናው ቀኑን በሽፋኑ ላይ አተመ።
4. ሻጮቹ ሱፉን ለሌላ ሰው ሸጡ።

ረ. ድርሰት

አንድ ደብዳቤ ከላኪው እጅ ወጥቶ ከተቀባዩ እጅ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል የሚገልጽ፥ ከአንድ ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ ማኅተሙ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚመታና ባይመታ ምን ጉዳት እንደሚደርስ አመልክቱ።